ቁልፉ የት ነው?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከጀሞ እስከ መካኒሳ፣ ከለቡ እስከ ሀና ማርያም የሰው ቤት ስገባ ስወጣ እውላለሁ። የተቃጠለ ሶኬት እቀይራለሁ፣ የምጣድ መስመር እዘረጋለሁ፣ ብሬከር፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ እየወደቀ ላስቸገራቸው ሰዎች ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ሥራዬን ጨርሼ ዕቃዬን ከመሰብሰቤ በፊት ለቤቱ ባለቤቶች የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «አሁን መብራት ጠፍቶ ቤቱ በጭስ ቢሞላ የበሩ ቁልፍ የት ነው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም እናት ቦርሳዋን መፈለግ ትጀምራለች፤ አባት ኪሱን ይዳብሳል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ተያይተው «አንተ ጋ አልነበረም?» «አንቺ አይደለሽ የገባሽው?» ይባባላሉ። ቀን ነው፣ መብራት አለ፣ ማንም አልተጣደፈም፤ ያም ሆኖ ቁልፉ እስኪገኝ ጊዜ ይወስዳል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣ ልጆች እያለቀሱ ያን ያህል ጊዜ አይገኝም። በቤት ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ ሰውን ቀድሞ የሚጥለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። የተኛ ሰው ጭስ ሸትቶት ይነቃል ብሎ መተማመንም አይቻልም፤ እንቅልፍ አፍንጫንም ይዞ ይተኛል።

እኛ ስለ ቤታችን ደኅንነት ስናስብ የምንፈራው ሌባን ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቤቱን እንደተረከበ መጀመሪያ ከሚጠራቸው ባለሙያዎች አንዱ በያጅ ነው። ከእንጨቱ በር ፊት የብረት በር ይቆማል፣ መስኮቱ ላይ ፍርግርግ ይበየዳል፣ በረንዳው ከላይ እስከ ታች በብረት ይታጠራል። ይህን በሚያደርግ ሰው አልፈርድም። በረጅም እንጨት በመስኮት ልብስና ስልክ ስቦ የሚወስድ ሌባ አለ፤ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ በራቸው ተሰብሮ ያገኙ ጎረቤቶች አሉኝ። እኔም ቤት የብረት በር አለ፣ ይኖራልም። ክርክሬ ከብረቱ ጋር ሳይሆን ከውስጥ ከማይከፈት ብረት ጋር ነው። ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ የተበየደ ፍርግርግ ሌባውን ከውጭ ያስቀራል፤ ልጆቼን ደግሞ ከውስጥ ያስቀራል። አደጋው ከውጭ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ምንም አልልም ነበር።

አደጋው ግን ከውስጥም ይነሣል። የማውቀው የኤሌክትሪኩን ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ይህ አንድ ተራ የግድግዳ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ለዚያውም ሶኬቱ አዲስ፣ ብሎኑም በደንብ የጠበቀ ከሆነ። በዚያ ላይ ምጣድ አንዴ ከተሰካ ሊጡ እስኪያልቅ ሁለትም ሦስትም ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። እኔ የማገኘው ግን ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን በተዘረጋ መስመር ላይ፣ ይባስ ብሎም በቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ተሰክቶ ነው።

ባለፈው ክረምት ለቡ አካባቢ «ምጣዱ አልግል አለን» ተብዬ ተጠራሁ። ምጣዱ ምንም አልሆነም። ስፒናውን ልነቅል ስል አንዱ እግሩ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። መስመሩን ከብሬከሩ አጥፍቼ ሶኬቱን ፈትቼ ሳወጣው የኋላው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ሻማ ወደ ታች ፈስሶ ደርቋል። የፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ፣ ልባስ አንድ ስንዝር ያህል ከስሎ ስነካው ይረግፋል። ምክንያቱ የላላ ብሎን ነበር። ያ ሁሉ አምፔር በላላ መጋጠሚያ ሲያልፍ መጋጠሚያው ይግላል፤ ሲግል ይላላል፤ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ብሬከሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከልኩ ያለፈ ጭነት አልመጣበትም፣ ሽቦዎቹም እርስ በእርስ አልተነካኩም፤ ስለዚህ አይወድቅም። ከሶኬቱ እስከ እንጨቱ መደርደሪያ ያለው ርቀት አራት ጣት ቢሆን ነው። ያን ቤት ያተረፈችው «ስጋግር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል» ብላ እስኪሰለቻቸው ድረስ የነገረቻቸው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እንዲህ ያለ ሽታ ካለ፣ ወይም ጋግራችሁ ስትጨርሱ የሶኬቱ ፊት እጅ የሚያስነሣ ግለት ካለው፣ በዚያ ሶኬት ሌላ ቀን አትጋግሩ።

«ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረን፣ ከፍ ያለ ግጠምልን» የሚሉኝም አሉ። አልገጥምም። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ሳይወፍር ብሬከሩ ብቻ ከፍ ካለ፣ ብሬከሩ ከመውደቁ በፊት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይቃጠላል። በቆዩ ቤቶች ደግሞ የተቃጠለ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኛለሁ። ያን ያየሁበት ቤት አስተካክዬ ካልሆነ አልወጣም፤ ገንዘብ የላቸውም ቢሆን እንኳ።

ሌላው የእኛ አገር ነገር መብራት መጥፋቱ ነው። ሰው ልብስ እየተኮሰ ሳለ መብራት ይጠፋል። ካውያውን እዚያው ልብሱ ላይ ያቆመዋል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ይሰለቻል፣ በሩን ዘግቶ ይወጣል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ምጣድና የኤሌክትሪክ ምድጃም እንደዚሁ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ሻማ መፈለግ ሳይሆን የሚግል ነገር ሁሉ ስፒናውን መንቀል ነው። ቤቴ ውስጥ ይህ የልጆቹ ሥራ ነው፤ መብራት እንደጠፋ እየተሽቀዳደሙ ይነቅላሉ፣ ሻማው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ቁልፉ ልመለስ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። «ብሬከር ሳጥኑ ይንጫጫል፣ ይሸታል ብላ ሠራተኛዬ ደወለች፤ እባክህ ድረስልኝ» አለችኝ። ቅርብ ስለነበርኩ ሮጬ ሄድኩ። ቤቱ ምድር ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። የብረቱ በር ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ውስጥ አንዲት ወጣት ሠራተኛና ሁለት ልጆች አሉ። መስኮቱ ፍርግርግ ነው፤ ሽታው በመስኮቱ ይወጣል፣ እኔ ግን መግባት አልችልም። «ብሬከሩን አጥፊው» አልኳት። «ብሬከር ምንድን ነው ጋሼ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። የሳጥኑን ቦታ፣ መልኩን እየነገርኳት ሳለ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል የሚሆን ልጅ «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ በርጩማ መጎተት ጀመረ። አስቆምኩት፤ ሕፃን እጁን ወደሚሸት ሳጥን እንዲሰድ አልፈለግኩም። ለእርሷ ግን ቦታውን በጣቱ አሳያት። የሳጥኑ ክዳን ቀዝቃዛ መሆኑን፣ እጇም መድረቁን ጠይቄ፣ ከሁሉ ሰፊውን ማብሪያ በደረቅ እንጨት ማንኪያ ወደ ታች እንድትገፋው ነገርኳት። ቀጭ የሚለው ድምፅ እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ። እናትየዋ ከሜክሲኮ ታክሲ ይዛ በመንገዱ መዘጋጋት እስክትደርስ መስኮቱ ሥር ቆሜ ልጆቹን አጫወትኩ።

እናትየዋን አልወቀስኳትም፤ የፈራችውን ነገር ነግራኛለች። ሠራተኛዋ አዲስ ናት፣ ከተማውን አታውቅም፤ አንድ ሰው አታሎ በሩን ያስከፍታታል፣ ወይም ልጁ አምልጦ ወደ መንገድ ይወጣል ብላ ነው የቆለፈችው። ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው ላይ ከውጭ መቆለፍ በየትኛውም ምክንያት መደረግ የለበትም። ይህን ስል እያመነታሁ አይደለም። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ፤ ቁልፉም ውስጥ ካለው አዋቂ ጋር ይሁን። «ለማን ይከፈታል» የሚለው በምክር ይፈታል፦ ቆጣሪ ላነብ ነው፣ ከቀበሌ ነኝ፣ እናትሽ ልካኝ ነው ለሚል ሰው ሁሉ በሩ ሳይከፈት መጀመሪያ ስልክ ይደወላል፤ የማይታወቅ ሰው ቆሞ ይጠብቅ። በሩ ላይ የምታይበት ቀዳዳ ይኑራት። ሠራተኛዋን በቁልፍ የማናምናት ከሆነ ልጆቻችንን እንዴት አምነን ተውንላት?

ስለ ቤት ሠራተኞች ይህን ካነሣሁ አይቀር ልጨምር። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ያለችው እርሷ ናት። ሸሚዝ አተኳኮስ፣ ወጥ አሠራር፣ ወለል አጠራረግ እናሳያታለን። የጋዝ ሲሊንደር በሕይወቷ አይታ የማታውቅ ልጅ ግን የሲሊንደሩ ቫልቭ ወዴት ሲዞር እንደሚዘጋ ማንም አያሳያትም። ብሬከሩን፣ ቫልቩን፣ የውኃውን መዝጊያ አሳዩአት፤ በእጇ እንድትዘጋውና እንድትከፍተው አድርጉ፤ ነግሮ መተው አይበቃም። የምትተኛበትንም እዩ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከሲሊንደሩና ከከሰሉ አጠገብ፣ መስኮት በሌለው ጥግ ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛባቸው ቤቶች አይቻለሁ። እርሷም የሰው ልጅ ናት፤ የቤተሰብ ደኅንነት ስንል እርሷን ቆጥረን መሆን አለበት።

ከሰል የኔ ሙያ አይደለም፤ ነገር ግን በየክረምቱ የምሰማው ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ሲበርድ ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል። «ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል፣ አይጎዳም» ይባላል። ይህ አባባል ሰው ገድሏል። የሚጎዳው የሚታየው ጭስ ብቻ አይደለም። ቀልቶ፣ አመድ ለብሶ፣ ጸጥ ብሎ የሚነድ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ንጥረ ነገር ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥንካሬ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፣ ግን ኦክስጅን ወደ ሰውነቱ አይደርስም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይመጣል። የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያይ ያልፋል። ከሰል በተያያዘበት ክፍል ያላችሁ ሰዎች ራሳችሁን አብራችሁ ካመማችሁ ጉንፋን ነው አትበሉ፤ በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጥታችሁ አምቡላንስ ጥሩ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን የሳተን ሰው ደግሞ ያንቀዋል። ቡናችንን እንተው አላልኩም። በሩና መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቢቻል በረንዳ ላይ ይፈላ፤ የተረፈውም ፍም ከቤት ወጥቶ ይደር።

በጋዝ ሲሊንደር ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል። እንዲታወቅ ተብሎ የሚከረፋ ሽታ ተጨምሮበታል። ሽታው ከመጣ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ የሚፈጠረው ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ፣ ስልክ የምትደውሉት ከውጭ ሆናችሁ ነው። አዲስ ሲሊንደር በተገጠመ ቁጥር ደግሞ መጋጠሚያውንና ጎማውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው እየተነፋ ከሄደ ያፈሳል ማለት ነው። ክብሪት ለኩሶ የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

በሃይላንድ ጠርሙስ በረኪናና ላምባ ማስቀመጥም ይቅር። የጠማው ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም። ጠጥቶ ከተገኘ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል፣ ላምባ ከሆነም ወደ ሳንባ ይገባል። ከነጠርሙሱ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

እንግዲህ እኔ ቤት ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከበሩ አጠገብ፣ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እጁ በሚደርስበት ከፍታ፣ በመስኮት እጁን አስገብቶ የሚዳብስ ሰው ግን በማይደርስበት ቦታ ምስማር መታሁ። ማታ ቁልፉ እዚያ ይሰቀላል፤ ከዚያ አንሥቶ ኪሱ የሚከት የለም፣ እኔም ብሆን። የመኝታ ክፍሉን ፍርግርግ ደግሞ በያጅ አስጠርቼ አንዱን ወገን አስቆረጥኩት። በማጠፊያ እንደ መዝጊያ የሚከፈት ሆኖ ከውስጥ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ የእርሱም ቁልፍ በራሱ ምስማር ላይ ነው። በያጁ «ምን አደከመህ፣ ይኸው አንዴ ብበይደው ይጠነክርልሃል» ብሎኝ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አዲስ ቤት የምታስበይዱ ደግሞ ከመጀመሪያው እንዲህ አድርጉ ብትሉት ተጨማሪ ወጪው እምብዛም ነው። ፎቅ ላይ ለምትኖሩ መስኮት መውጫ አይሆንም፤ ለእናንተ ደረጃው ሁሉ ነገር ነው። ደረጃው ላይ አሮጌ ሶፋ፣ የከሰል ጆንያና ብስክሌት የሚያስቀምጥ ጎረቤት ካለ ኮሚቴው ያስነሣው።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሳለ ልጆቹን «እሳት ነው ብንባል እንዴት እንወጣለን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሿ ልጄ አልጋ ሥር እንደምትደበቅ ነገረችኝ። ሕፃናት በእሳት ጊዜ መደበቃቸው የታወቀ ነገር ነው፤ ከልጄ አፍ ስሰማው ግን እግሬ ተንቀጠቀጠ። ያን ምሽት በጨለማ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ በእንብርክክ እየሄዱ፣ ቁልፉን ከምስማሩ አንሥተው በሩን እስኪከፍቱ አለማመድኳቸው። የመሰብሰቢያ ቦታችን ግቢው በር አጠገብ ያለው የውኃ ታንከር ነው። ለአሻንጉሊት፣ ለስልክ፣ ለማንኛውም ዕቃ ተመልሶ መግባት የለም። ሠራተኛችንም አብራን ተለማምዳለች፤ ከሁላችንም ፈጥና የወጣችው እርሷ ናት።

የመጨረሻው ነገር አድራሻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እሳትና አደጋ 939፣ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቁጥሮቹን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። «የት ነው ያላችሁ?» ሲባል ግን ንግግሩ ይበተናል፤ በድንጋጤ ላይ «ጀሞ፣ እዚህ ጋ» ብሎ የሚጮህ ሰው ጀሞ ስንት ብሎክ እንዳለው አያስታውስም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪኖች በመንገዱ ጥበት መቸገራቸውን ሁላችንም ሰምተናል፤ የኛም ግቢ ማታ ማታ በቆሙ መኪናዎች ይጠባል። ስለዚህ ትልቋ ልጄ በራሷ ጽሕፈት በወረቀት ጽፋ በሩ ጀርባ ለጥፋለች፦ ሰፈሩ፣ የብሎኩ ቁጥር፣ ፎቁና የቤቱ ቁጥር፣ ከዋናው መንገድ ሲታጠፉ የሚታየው የታወቀ ቦታ፣ ከግቢው ሁለት በሮች ትልቅ መኪና የሚያስገባው የትኛው እንደሆነ፣ ከሥሩም ሦስቱ ቁጥሮች። ከጥበቃዎቹም ጋር ተነጋግረናል፤ ስልኩ እንደተደወለ አንዱ ባትሪ ይዞ ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሌላው የሰፊውን በር ከፍቶ መግቢያው ላይ የቆሙትን መኪናዎች ያስነሣል።